ኮድ በፍላሽ ሲላክ

ኢንተርኔት የማይገባበት ሳይት ላይ ሥራ ያለው ፕሮግራመር አብዛኛውን ጊዜ ፎልደሩን ዚፕ አድርጎ በፍላሽ ይልካል። ወር ሳይሞላ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻው» የሚሉ ፋይሎች ይደረደራሉ፤ ማን ምን እንደቀየረ የሚያውቅ ግን የለም። ጊት ለዚህ የራሱ መላ ካበጀ ቆይቷል፤ ባንድል ይባላል። ኮሚቶችን ከነታሪካቸው በአንድ ፋይል ይጠቀልላል፣ ተቀባዩም ከፋይሉ ላይ ልክ እንደ ሰርቨር ክሎን ወይም ፑል ያደርጋል። (ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው።)

1. መጀመሪያ ሙሉውን ላኩ። ሪፖው ውስጥ ሆናችሁ «ጊት ባንድል ክሪኤት ፕሮጀክት.ባንድል --ኦል» በሉ። ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ አብሮ አይሄድም። ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት ከበለጠ፣ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ አይቀበለውም።

2. ተቀባዩ «ጊት ክሎን ፕሮጀክት.ባንድል» ይላል። በ«--ኦል» ፋንታ «ሜይን» ብቻ ጽፋችሁ ከሆነ ፋይሎቹ ላይወጡለት ይችላሉ፤ «-ቢ ሜይን» ይጨምር።

3. እሱ ዘንድ መድረሱን ስታረጋግጡ «ጊት ታግ ደርሷል» ብላችሁ፣ የላካችሁትን የመጨረሻ ኮሚት መለያ አስከትላችሁ ምልክት አኑሩ። ከዚያ ወዲያ የሚላከው አዲሱ ብቻ ነው፦ «ጊት ባንድል ክሪኤት አዲስ.ባንድል ደርሷል..ሜይን»። አዲስ ኮሚት ከሌለ ጊት ባዶ ባንድል አልሠራም ይላል።

4. ተቀባዩ ሪፖው ውስጥ «ጊት ባንድል ቬሪፋይ አዲስ.ባንድል» ብሎ ይፈትሽ፤ ከዚያ «ጊት ፑል አዲስ.ባንድል ሜይን»። እሱም የሠራው ካለ መርጅ ያደርግና የራሱን በዚሁ መንገድ ይመልሳል።

5. ታጉን ለማንቀሳቀስ አትቸኩሉ። እኔ አንዴ ፍላሹ ከእጄ እንደወጣ ታጉን ወደፊት ገፋሁት። ፍላሹ በሾፌሩ ሱሪ ኪስ ውስጥ እንዳለ ታጠበ። ቀጣዩን ባንድል ስልክ፣ ሳይቱ ላይ ያለው ባልደረባዬ ቬሪፋይ ሲለው የጎደለ ኮሚት አለና አልቀበልም አለው። ፍላሹ የሁለት ቀን መንገድ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ ማለት ነው።

አሁን ተቀባዩ ፑል ካደረገ በኋላ ይደውልልኛል። ባንድሉ ውስጥ ከነበሩት የመጨረሻውን ኮሚት መለያ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያነብልኛል፤ እኔም «ጊት ታግ -ኤፍ ደርሷል» ብዬ ያንኑ መለያ አስከትላለሁ። ሜይንን አላስከትልም፤ ፍላሹ መንገድ ላይ ሳለ እኔ ሌላ ኮሚት ጨምሬ ሊሆን ይችላል። ከተጠራጠርኩ ታጉን ወደ ኋላ አደርገዋለሁ፤ የተደገመውን ጊት ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስልኩ ሲቆራረጥ «ቢ» እና «ዲ» ስለሚምታቱብን «ቢ እንደ ቡና፣ ዲ እንደ ዳቦ» ተባብለን ነው የምናነበው።