እንቅልፍ እምቢ ሲል፦ ጭንቀት፣ ሌሊትና የሰውነት እንቅስቃሴ



ፈተና በተቃረበ ቁጥር በየዶርሙ የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ፦ «ደክሞኛል፣ ግን እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።» መብራት ጠፍቷል፤ የዶርሙ ልጆች ተኝተዋል፤ አንዱ ብቻ ጣሪያውን እያየ የሚድ ውጤቱን፣ የቤተሰቡን ተስፋ፣ የነገውን ፕረዘንቴሽን ያሰላስላል። ሌሊት 8 ሰዓት ይሆናል፤ 9 ይሆናል። ከዚያ ሌላ ጭንቀት ይደረብበታል፦ «አሁን ብተኛ እንኳ የቀረኝ 2 ሰዓት ነው፤ ፈጅር ያመልጠኛል፤ ነገም ምንም አይገባኝም።» የመጀመሪያው ጭንቀት እንቅልፉን አባረረ፤ ሁለተኛው ደግሞ እንዳይመለስ በሩን ዘጋ። እንዲህ ያለው ሌሊት ሲደጋገም ተማሪው መጀመሪያ የሚተወው ነገር ስፖርት ነው። «ሳልተኛ እንዴት እሮጣለሁ?» ይላል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው በተለይ ለእርሱ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ እህትና ወንድም እንቅልፍ ሲያጣ «ኢማኔ ደክሞ ነው፤ ልቤ በዚክር ቢረካ ኖሮ አልጨነቅም ነበር» ብሎ ራሱን ይከሳል። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ መድረሳቸውን ቁርኣን በሱረቱ ዩሱፍ ነግሮናል፤ የእርሳቸውን ኢማን የሚጠራጠር የለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ እንደነበር፣ ይህንንም ዱዓ ያበዙ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ሰው ከማይደርስበት ነገር ጥበቃን አያዘወትርም። ስለዚህ በጭንቀት እንቅልፍ ማጣት የኢማን ሚዛን አይደለም። ራስን መክሰስ ደግሞ በጭንቀቱ ላይ ሌላ ጭንቀት መጨመር ነው።

እንቅልፍ እንዴት ይመጣል? ሁለት ነገሮች ይመሩታል። አንደኛው በንቃት በቆየንባቸው ሰዓታት ልክ የሚጠራቀም የእንቅልፍ ግፊት ነው። ነቅተን ስንውል አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ውስጥ እየበዛ ይሄዳል፤ እርሱ ነው ማታ ዓይናችንን የሚያከብደው። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው፤ ይህን ሰዓት በዋናነት የሚሞላው የጠዋት ብርሃን ነው። ጭንቀት ሲመጣ ሁለቱም ሥራቸውን እየሠሩ እንኳ አንጎል «አደጋ አለ» ብሎ ሰውነትን ነቅቶ ያቆየዋል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ድካምና እንቅልፍ አንድ አይደሉም የሚባለው ለዚህ ነው። ሰውነታችን ዝሎ አንጎላችን ዘብ ሊቆም ይችላል።

እዚህ ላይ ነው «ራሴን አድክሜ ልተኛ» የሚለው ዘዴ የማይሠራው። አንድ ወንድም እናስብ። ሦስት ሌሊት በደንብ አልተኛም። ማታ ከዒሻ በኋላ ሜዳ ወርዶ እስኪወድቅ ድረስ ኳስ ይጫወታል፤ 4 ሰዓት ላይ ዶርም ገብቶ ወዲያው አልጋ ላይ ይወጣል። ልቡ ገና እየመታ፣ ሰውነቱ ገና እንደጋለ ነው። እንቅልፍ እንዲመጣ ደግሞ የሰውነት ሙቀት ትንሽ መውረድ አለበት። ስለዚህ እንቅልፉ ይዘገያል። «ስፖርትም አልጠቀመኝም» ብሎ ይተወዋል። ችግሩ ግን ከስፖርቱ ሳይሆን ከሰዓቱና ከጠበቀው ነገር ነው። በ2019 የታተመና 23 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ እንዳሳየው የምሽት እንቅስቃሴ በጥቅሉ እንቅልፍ አይጎዳም፤ ሊያውክ የሚችለው ከመኝታ በፊት ባለው 1 ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ከባድ እንቅስቃሴ ነው። የማታ ኳስ የሚጫወት ሰው ቢያንስ ሰዓት ተኩል ያህል መቀዝቀዣ ጊዜ ይተው። ከተቻለ ግን ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ይሻላል።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ትዕግሥት ነው። በ2013 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት እንቅልፍ ማጣት የነበረባቸውን 11 ሴቶች ለ16 ሳምንታት ተከታትሏል። ውጤቱ ሁለት ነገር አሳየ። ዛሬ መንቀሳቀሳቸው የዛሬን ሌሊት እንቅልፍ አላሻሻለም። በሌላ በኩል ግን ሌሊቱን መጥፎ እንቅልፍ ካሳለፉ በማግሥቱ የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ ያጥር ነበር። ጥቅሙ የመጣው በሳምንታት ውስጥ ነው። የሴቶቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ ዕድሜያቸውም ከእኛ የራቀ ነው፤ ቢሆንም በእኛም ላይ የምናየው ነገር ይኸው ይመስለኛል። ትናንት ሮጦ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣ ሰው «አልሠራም» ብሎ የሚፈርደው ከአንድ ሌሊት ተነስቶ ነው።

ታዲያ ባልተኙበት ማግሥት ምን ይደረግ? ሙሉ በሙሉ አይተው፣ ሙሉ በሙሉም አይሠራ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምላሹ ይዘገያል፤ በዚያ ቀን ብርቱ ግጥሚያ መጫወት ወይም ከባድ ብረት ማንሳት ጉልበትን ወይም ወገብን ለጉዳት ይሰጣል። የለመዱትን በግማሽ ይቀንሱ። ሩጫ የነበረው እርምጃ ይሁን፤ 40 ደቂቃ የነበረው 20 ይሁን። በጣም ካስጠላ ጫማ አስሮ 10 ደቂቃ ግቢውን መዞር ይበቃል። ዋናው ልማዱ እንዳይቆረጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። 150ው በ5 ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ነው፤ ከዶርም ክላስ፣ ከክላስ መስጂድ የምንመላለሰውን ብናፈጥነው ጥቂት የማይባለው ከዚያው ይገኛል። እህቶቻችን «የምንሠራበት ቦታ የለም» ሲሉ እንሰማለን፤ እውነት አላቸው፣ ሜዳውን ሁሌም ወንዶች ይይዙታል። ሁለት ሦስት ሆኖ በጠዋት መራመድና በዶርም ውስጥ ገመድ መዝለል ለጊዜው መፍትሔ ነው። የጀመዓው ስፖርት ክፍል ለእህቶች የተለየ ሰዓት ቢያስከብር ደግሞ የተሻለ ይሆናል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በሩጫ እንደተሽቀዳደሙ ራሳቸው ያስተላለፉት ነው።

እንቅስቃሴ ለሚጨነቅ ሰው አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። ሌሊት ልብ ሲመታ «አንድ ነገር ልሆን ነው» ብሎ የሚደነግጥ ሰው፣ ቀን ላይ ሲሮጥ ያው ልብ በዚያው ፍጥነት ሲመታና ጥቂት ቆይቶ ሲረጋጋ ያያል። ሰውነቱ የልብ ምት ሁሉ አደጋ እንዳልሆነ በተግባር ይማራል።

አሁን ወደ አልጋው እንመለስ። አልጋ ላይ ሆኖ ማንበብ፣ ስልክ መነካካት፣ መጨነቅ ሲደጋገም አንጎል አልጋን ከንቃት ጋር ያያይዘዋል። ሪቻርድ ቡትዚን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር በ1972 ያቀረቡት ዘዴ ይህንን ማያያዣ ለመበጠስ ነው፦ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ አልጋ ላይ መውጣት፤ 20 ደቂቃ ገደማ ካለፈ ሰዓት ሳያዩ መነሳት፤ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ጸጥ ያለ ነገር ማድረግ፤ እንቅልፍ ሲመለስ መመለስ። ለሙስሊም ተማሪ ይህ ሰዓት ባዶ አይደለም። ውዱእ አድርጎ ሁለት ረከዓ መስገድ፣ ጥቂት ቁርኣን ማንበብ ይችላል። ነገር ግን ሶላትን የእንቅልፍ ክኒን አናድርገው። «ሰግጄም አልተኛሁ» የሚል ሰው ሶላቱን ለሌላ ዓላማ እየለካው ነው። እንቅልፍ ከመጣ አልሐምዱሊላህ፤ ካልመጣም የሰገደው ሰግዷል። እያንገላጀጀ መስገድም አይገባም፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሶላት ውስጥ እንቅልፍ የተጫነው ሰው እንዲተኛ አዘዋል። ለሌሊት ሶላት መደገፊያ የተወጠረ ገመድ ሲያዩም እንዲፈታ ማድረጋቸው ይታወቃል።

ከመኝታ በፊት ያለው ሱንና ለዚህ ችግር ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አስተውሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ ወሬን ይጠሉ ነበር። ውዱእ፣ በቀኝ ጎን መተኛት፣ የመኝታ አዝካር፤ በየሌሊቱ ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ነው። ፋጢማ (ረ.ዐ) ወፍጮ እጃቸውን ጎድቶት አገልጋይ ሊጠይቁ በሄዱ ጊዜ የተሰጣቸው ምክር በመኝታ ሰዓት 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር ማለት ነበር። የደከመ ሰውነት ይዞ ለሚተኛ ሰው የተሰጠ ስጦታ ነው። ዓሊ (ረ.ዐ) በሲፊን ሌሊት እንኳ እንዳልተዉት ተናግረዋል።

ከአዝካሩ በፊት ደግሞ 5 ደቂቃ ወረቀት ላይ ይዋል። በ2018 በታተመ ጥናት 57 ወጣቶች ከመኝታ በፊት ለ5 ደቂቃ ጻፉ፤ ገሚሶቹ ወደፊት የሚሠሩትን፣ ገሚሶቹ ሠርተው የጨረሱትን። የነገውን ዝርዝር የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ፈጥነው ተኙ። «ነገ 4 ሰዓት ላይ የኬሚስትሪ ላብ ሪፖርት» ብሎ መጻፍ አንጎል ጉዳዩን ሌሊቱን ሙሉ ተሸክሞ እንዳያድር ያግዘዋል።

ስለ ቡና ብዙ አልልም፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አይሰማም። ካፌይን አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል፤ ከጠጣነው ግማሹ 5 ሰዓት ያህል ቆይቶም ሰውነታችን ውስጥ አለ። 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይም እየሠራ ነው ማለት ነው። ጫት ደግሞ የባሰ ነው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። «ለማንበብ» ብሎ የሚቅም ሰው የነገውን ንባብ ዛሬ እየበላው ነው። ጭንቀት ላለበት ሰው ደግሞ የልብ ምቱን ራሱ ይጨምርበታል።

የቀረው የጠዋቱ ሰዓት ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምከራከርለትም ይህን ነው። በአገራችን ዒሻ ማታ 2 ሰዓት ገደማ ይገባል፤ ፈጅር ደግሞ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። በመካከላቸው 9 ሰዓት አለ። እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ግን ፈጅርን ሰግዶ እስከ 3 ሰዓት ይተኛል፤ ቀን ላይም ይደግማል፤ ማታ የሚያስፈልገውን ግፊት ቀን ላይ ያወጣዋል። ፈጅር በየቀኑ የሚነሱበት ቋሚ ሰዓት ይሁን፤ ሌሊቱ መጥፎ ቢሆንም። ፀሐይ ስትወጣ 20 ደቂቃ ውጭ ይራመዱ፤ ብርሃኑም እንቅስቃሴውም በአንድ ላይ ይገኛል። ቀይሉላ ሱንና ነው፤ ከዙህር አካባቢ ሳይርቅ 20 ደቂቃ ይበቃል። ችግሩ የጠና ሰው ግን ለጥቂት ሳምንታት ቢተወው ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለ3 ወር ከዘለቀ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ይባላል፤ የግቢው ክሊኒክ ወይም የምክር አገልግሎት ክፍል ሊያየው ይገባል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ባወጣው መመሪያ ቀዳሚ ሕክምና ብሎ ያስቀመጠው ክኒን ሳይሆን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምናን ነው፤ ከላይ ያየናቸው የአልጋና የሰዓት ሥርዓቶች የዚያ አካል ናቸው። ከጓደኛ ተቀብሎ ወይም ያለ ማዘዣ ገዝቶ ዲያዜፓም መዋጥ አደገኛ ነው፤ ሱስ ያስይዛል። ሦስት ጉዳዮች ደግሞ 3 ወር አይጠበቅባቸውም። ለቀናት በጣም ጥቂት ተኝቶ ጭራሽ ድካም የማይሰማው፣ ንግግሩና ዕቅዱ የፈጠነ ሰው፤ በእንቅልፉ ትንፋሹ እየተቆረጠ የሚያንኮራፋ ሰው፤ እና መኖር ያስጠላው ወይም ራሱን ስለ መጉዳት የሚያስብ ሰው። የመጨረሻውን የሰማ የዶርም ጓደኛ «ሶብር አድርግ» ብሎ አይለፈው፤ ብቻውንም አይተወው። በዚያው ሌሊት ፕሮክተሩን ቀስቅሶ፣ አብሮት ክሊኒክ ይሂድ።