«ምርመራው ምንም አያሳይም»

ጥያቄ፦ የኮሌጃችን ክሊኒክ በራስ ምታትና በጨጓራ ሕመም ደጋግመው የሚመጡ ተማሪዎች ይበዙበታል። ምርመራው ግን ምንም አያሳይም። ድባቴ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። «ከፍቶኛል» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ነርሷ ራሷ ትጠይቅ። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሿል። ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚታሰበው ከ27 ነው። 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ ባለሙያ ይየው፤ ቁጥሩ ብቻውን ግን የበሽታ ማረጋገጫ አይደለም። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚያ ላይ ከዜሮ በላይ ያመጣ ተማሪ፣ ድምሩ ትንሽም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ይታይ፤ ብቻውን ወደ ዶርም አይመለስ።

መጠየቁ ቀላሉ ሥራ ነው። ብዙ ተማሪ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሪፈር ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት ሕክምና አይደለም። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይወስዳሉ፤ ተማሪው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚያቋርጠውም በዚሁ መሀል ነው። የሚከታተለው ሰው በስም ይመደብ፣ ይደውልለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መጠይቁ ይደገም፤ ውጤቱ ካልቀነሰ ሐኪሙ ሕክምናውን እንደገና ይመልከት። መዝገቡም ከክሊኒኩ አይውጣ፤ ለዲኑ ይደርሳል ብሎ የሚፈራ ተማሪ እውነቱን አይሞላም።