ዝናብ፣ በረዶና አመዳይ



በሱሉልታ፣ በቡራዩም ሆነ በሰበታ የሚኖር ገበሬ በረዶን ያውቀዋል። ቆርቆሮ ላይ ሲንኳኳ ሰምቶታል፤ የገብሱን ዛላ ሲሰብር በዓይኑ አይቷል። ዛሬ የምንማረው በረዶ ከዝናብ በምን እንደሚለይ፣ ሲጥልና ከጣለም በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብን ነው።

ሁሉም ውኃ ነው

ዝናብም፣ በረዶም፣ አመዳይም ውኃ ናቸው። የሚለያዩት በአፈጣጠራቸውና በአወራረዳቸው ነው።

በረዶ የሚፈጠረው በትልቅ የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ነው። ወደ ላይ የሚነሣ ኃይለኛ ነፋስ የውኃውን ጠብታ ብርድ ወደ በረታበት ከፍታ ይወስደዋል። ጠብታው እዚያ ይጠጥራል። ሌላ ውኃ እየለበሰ ይወፍራል። ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይወርዳል። ለዚህ ነው ጠዋት ፀሐይ በሞቀበት ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የሚጥለው።

አመዳይ ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ ለስላሳ ነው፤ ቀስ እያለ ይወርዳል። አንዳንድ ሰው የማለዳውን ውርጭ አመዳይ ይለዋል። ውርጭ ግን ከሰማይ አይወርድም፤ እዚያው መሬትና ሣር ላይ ነው የሚፈጠረው።

ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ዳሸን ጫፍ አመዳይ አንዳንዴ ይታያል። ወጨጫና እንጦጦ ግን 3,400 ሜትር አይሞሉም።

እስቲ እንለካው

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ሩብ ሄክታር መሬት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 25,000 ሊትር ይሆናል። ይህም 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል 125 ጊዜ መሙላት ነው!

በረዶ ሲጥል አንድ ጣሳ በረዶ ሙሉና አቅልጡት። ውኃው ግማሽ ጣሳ ያህል ይሆናል። አዲስ የወረደ አመዳይ ቢሆን ግን የሚተርፈው ከአሥር አንዱ እጅ ብቻ ነው። የቀረው አየር ነው።

አየር ስለያዘ አመዳይ ለሰብል እንደ ብርድ ልብስ ነው። በሩሲያና በዩክሬን ከብርዱ ወራት በፊት የተዘራ ስንዴ ከሥሩ ተሸፍኖ ይከርማል። ሙቀት ሲመጣ አመዳዩ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፤ መሬቱም ይጠጣዋል። ሲበዛ ግን ሸክም ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ግማሽ ሜትር አዲስ አመዳይ ቢከመር 50 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ሰዎቹ ጣሪያቸውን ሾጣጣ ያደርጋሉ፤ በአካፋም ይጠርጋሉ። ለከብቱም ድርቆሽ አስቀድመው ይከምራሉ።

የእኛ በረዶ እንዲህ አይደለም። በጥቂት ደቂቃ ወርዶ ይመታል፤ ውኃውም ከዝናቡ ጋር ጎርፍ ይሆናል።

ምን እናድርግ?

1. ደመናው ጠቁሮ ሲያጉረመርም ልጆችንና ከብቶችን ወደ ቤት እናስገባ። ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር አንጠለል፤ መብረቅ ዛፉን ይመታልና።

2. የማሳውን ቦይ ክረምት ሳይገባ እንጥረግ። በመረሬ መሬት ላይ የተኛ ውኃ በረዶ የተወውን ቡቃያ ይጨርሰዋል።

3. የሚቻል ከሆነ ዘሩን በአንድ ቦታ ብቻ አንዝራ። በረዶ አንዱን ማሳ መትቶ ጎረቤቱን ሊተው ይችላል።

4. ሰብል ሲመታ ወዲያው አንገልብጠው። ገብስና ስንዴ ገና ቡቃያ ሳሉ የሚያድገው ጫፋቸው ከአፈር በታች ነው፤ ቅጠላቸው ቢቀደድም እንደገና ሊያቆጠቁጡ ይችላሉ። ጥቂት ቀን ጠብቀን አዲስ ቅጠል መውጣቱን እንይ።

5. ዛላው ወጥቶ አገዳው ከተሰበረ ግን አይድንም። ሳይበሰብስ አጭደን ለከብት መኖ እናድርገው። ከሰበታ ወደ በቾ ባለው መረሬ መሬት ላይ ክረምቱ ሲወጣ በተረፈው እርጥበት ሽምብራ መዝራት ይቻላል።

በረዶ እንዳይጥል ማድረግ አንችልም። ነገር ግን ቦዩን የጠረገና ቡቃያውን መርምሮ የወሰነ ገበሬ፣ ተስፋ ቆርጦ ሁሉን ከገለበጠው ይልቅ ለልጆቹ የሚያበላው ይተርፈዋል።

ጥያቄዎች

ሀ. አንድ ጣሳ በረዶ ሲቀልጥ ስንት ይሆናል? አመዳይስ?
ለ. በረዶ የመታውን ቡቃያ ወዲያው የማንገለብጠው ለምንድን ነው?
ሐ. ባለፈው በረዶ በጣለ ጊዜ በሠፈራችሁ የትኛው ሰብል ተጎዳ? የትኛው አገገመ? በደብተራችሁ ጻፉ፤ ለጎረቤታችሁም አንብቡለት።