ቀጭን አንጀትና ሥራው

በማሻና በመካነ ሰላም ደጋ ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ በግ ስናርድ አንጀቱን እናየዋለን። ሥራውን ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። በግ የሚሰባው፣ ላም የምትታለበው፣ በሬም የሚያርሰው ቀጭን አንጀቱ ደህና ሲሆን ነው። ስለዚህ እንወቀው።

ርዝመቱ

ቀጭን አንጀት ከጨጓራ ቀጥሎ ይጀምርና ከትልቁ አንጀት ሲደርስ ያበቃል። የበሬ 40 ሜትር፣ የበግ 25 ሜትር፣ የፈረስ 22 ሜትር ያህል ነው። የውሻ ግን 4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በሆድ ውስጥ የሚይዘው ተጣጥፎ ነው። አንድ ስስ ገበር ከጀርባ ጋር አያይዞታል፤ የደም ሥሮቹም በዚያው ያልፋሉ።

ክፍሎቹ

ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያው አጭር ነው። ከጉበት ሐሞት፣ ከቆሽትም ሌላ ፈሳሽ ይወርድበታል። ሐሞት ስቡን ይበታትናል፤ የቆሽት ፈሳሽ ምግቡን ያልማል። ፈረስና አህያ የሐሞት ከረጢት የላቸውም፤ ሐሞታቸው ከጉበት በቀጥታ ይወርዳል። መካከለኛው ክፍል ከሁሉ ይረዝማል። የመጨረሻው ከትልቁ አንጀት ጋር ይገናኛል።

የአንጀቱ ውስጥ እንደ ባና ፀጉራም ነው። በያንዳንዷ ፀጉር ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ። የላመውን ምግብ መጠው ወደ ደም ያስገቡታል።

ጠላቱ

በውሻ ቀጭን አንጀት ውስጥ ከ7 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትል ይኖራል። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣሩ ላይ ይቀራል። በግ ከሣሩ ጋር ሲበላው፣ እንቁላሉ ቀጭን አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል። ከዚያም የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ በደም ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ ይሄዳል። እዚያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ያን ጉበት ውሻ ጥሬውን ከበላ ትሉ እንደገና ይራባል።

ሰውም እንቁላሉን ከዋጠ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ እንዲሁ ያለ ከረጢት ያበቅላል። ከውሻ ጋር የሚጫወቱ ልጆቻችን ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አንጣል። እናቃጥለው፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ጉድጓድ እንቅበረው። ውሻ ከነካን በኋላ እጃችንን በሳሙና ሳንታጠብ እህል አንቅመስ። ልጆቻችንንም እናስለምድ።

ጥያቄ

1. የበሬ ቀጭን አንጀት ስንት ሜትር ያህል ይሆናል?
2. ሐሞት በየትኛው ክፍል ይወርዳል?
3. የታመመ ጉበት ለውሻ ቢጣል በጉን፣ ሰውንም የሚጎዳው እንዴት ነው?