የሰውነት ፌዝ በልጃገረዶች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በዚህ እትማችን የምንወያየው ብዙዎቻችን እንደ ጨዋታ ቆጥረን ስለምናልፈው ጉዳይ ነው። ይኸውም በጉርምስና ዕድሜ የሚገኙ ልጃገረዶች በሰውነታቸው ምክንያት የሚደርስባቸው ፌዝና ዘለፋ ነው።

የአብዛኞቹ ልጃገረዶች ሰውነት ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ መለወጥ ይጀምራል። ጡት ያጎጠጉጣል፣ ቁመት ይጨምራል፣ ብጉር ይወጣል፣ ቆይቶም የወር አበባ ይመጣል። ለውጡ በሁሉም ላይ እኩል አይደርስም፤ አንዷ ትቀድማለች፣ ሌላዋ ትዘገያለች። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ነገር ግን በቀደመችው በጡቷ፣ በዘገየችው በቅጥነቷ ይሾፍባቸዋል። ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ ከ3 ተማሪዎች 1 የሚሆነው በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በእኩዮቹ ተጠቅቷል። ከምክንያቶቹ ግንባር ቀደሙም የሰውነት መልክ ነው።

በአካባቢያችን የሚሰሙ ሁለት ስድቦች

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንደ ሌሎች የአገራችን ደጋማ ቦታዎች ሁሉ እንቅርት የታወቀ ችግር ነው። መንስኤው የአዮዲን እጥረት ነው። አዮዲን ከተራራማው መሬት በዝናብና በጎርፍ ታጥቦ ስለሚሄድ በሚበቅለው እህል ውስጥ ያንሳል። እንቅርት ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ በጉርምስናና በእርግዝና ጊዜም ጎልቶ ይታያል። «እንቅርታም» የተባለች ተማሪ አንገቷን በሻሽ ወይም በነጠላ ትሸፍናለች፣ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች፣ መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም። አባቶች «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንደሚሉት፣ ሕመሟ ሳያንስ ፌዝ ይጨመርባታል።

ሁለተኛው ስድብ «ቆሞ ቀር» የሚለው ነው። ይህ የሚባለው ሰውነቷ የዳበረና ያላገባች ልጅ ናት። ስድቡን ለመሸሽ ስትል ትምህርቷን ትታ ለጋብቻ እሺ የምትል ልጃገረድ አለች። ነገር ግን የጡት ማጎጥጎጥ ለመውለድ የመድረስ ምልክት አይደለም። ዳሌዋ ገና ያልሰፋ ልጅ ስትወልድ ምጡ ሊጠናባትና ለፌስቱላ ልትጋለጥ ትችላለች። ሕጋችን ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በአእምሮ ጤና ላይ የሚያስከትለው

በየቀኑ የሚሰደብ ሰው ስድቡን ማመን ይጀምራል። ልጅቷም መስተዋት መጥላት፣ ከጓደኛ መራቅ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ከትምህርት ቤት መቅረት ታሳያለች። ከቤተሰብ ርቃ በከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ከሆነ ችግሩን የሚያይላት የለም። ራሷን የናቀች ልጅ «ቆንጆ ነሽ» ላላት የመጀመሪያ ሰው ልቧን ልትሰጥ፣ «እምቢ» የማለት አቅምም ልታጣ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ወጣቶች ከ7ቱ 1 የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። «ብሞት ይሻለኛል» የምትል ልጅ ካለች እንደ ቀልድ አይታይ፤ ብቻዋን ሳትተዋት በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይዛችኋት ሂዱ።

ምን እናድርግ?

• እናቶችና አባቶች፦ በቤት ውስጥ በልጃችሁ መልክ አትቀልዱ። ስለ ወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ንገሯት። ስታዝን «ምን ሆንሽ?» ብላችሁ ጠይቋት፣ ሳታቋርጡም አድምጧት።

• መምህራን፦ የሚያላግጠውን ተማሪ በጊዜ ገሥጹ። ዝም ማለት እንደ መፍቀድ ይቆጠራል። ልብሷ ደም የነካባት ልጅ እንዳይሳቅባት ጠብቋት።

• ሁላችንም፦ አዮዲን ያለበት ጨው እንግዛ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። ጨውን በተከደነ ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት እንጠብቅ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል እንጨምር። የቆየ እንቅርት በጨው ብቻ ላይጠፋ ስለሚችል ሐኪም ይየው። አንገት መነቀስም ሆነ መተኮስ እንቅርትን አያድንም፤ በጋራ መርፌ መነቀስ ደግሞ ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል።

• ልጃገረዶች፦ የሰውነታችሁ መለወጥ ነውር አይደለም። የሚያፍረው ተሳዳቢው ነው። ለምታምኑት ሰው ተናገሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ወይም የክሊኒክ ነርስን ማማከር ትችላላችሁ፤ የምትነግሯቸውን ምስጢር መጠበቅ የሙያ ግዴታቸው ነው።

አፍ የሚያወጣው ቃል እንደ ዱላ ምልክት አይተውም። ቁስሉ ግን በልጅቷ ትምህርት፣ በጋብቻዋና በምትወልደው ልጅ ላይ ይታያል። ስለዚህ ፌዙን ገና ከጅምሩ እናስቁመው።