ጁፒተርን ከአቦምሳ ሆኖ መመዘን



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ካህፍን ቀርታችሁ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት አብዝታችሁ ስታበቁ፣ ማታ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ሰማይ ቀና በሉልኝ።

እዚህ አቦምሳ ከዒሻ ሶላት በኋላ ከተማሪዎቼ ጋር ግቢ ውስጥ ትንሽ ቴሌስኮፕ ተክለን ነበር። ያነጣጠርነው ዐረቦች «ሙሽተሪ» በሚሉት በጁፒተር ላይ ነው። በባዶ ዓይን አንድ ደማቅ ኮከብ ይመስላል። በቴሌስኮፑ ግን ትንሽ ክብ ሆኖ፣ በግራና በቀኙ አራት ነጠብጣቦች በአንድ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች እነዚህ ናቸው።

ልጆቹን «ያያችሁትን ወረቀት ላይ ሳሉት፤ ነገም ድገሙት» አልኳቸው። በማግስቱ ነጠብጣቦቹ ቦታ ቀይረው ነበር። አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግሯል፣ ሌላው ከጁፒተር ጀርባ ገብቶ ጠፍቷል። ለተከታታይ ምሽቶች ሲስሉ ሥርዓቱ ወጣላቸው፦ የቀረበው ይፈጥናል፣ የራቀው ይዘገያል። ኢዮ ዙሯን በ1 ቀን ከ18 ሰዓት ተኩል ትጨርሳለች። ዩሮፓ 3 ቀን ተኩል፣ ጋኒሜድ 7 ቀን ከ4 ሰዓት ገደማ፣ ካሊስቶ ደግሞ ወደ 17 ቀን የሚጠጋ ይፈጅባቸዋል። ይህን ሥርዓት የሚያስጠብቀው የስበት ኃይል ነው።

አሁን ልብ በሉ። የእኛ ጨረቃ ከምድር 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ27.3 ቀን ትዞራለች። ኢዮም ከጁፒተር 422 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትርቀው። ርቀታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ኢዮ 15.4 ጊዜ ያህል ትፈጥናለች። ለምን? የሚስባት አካል እጅግ ከባድ ስለሆነ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚከብድ ለማወቅ 15.4ን በራሱ አባዙ፤ 237 ይሆናል። የርቀታቸውን ልዩነት ለማካተት ደግሞ 1.1ን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝታችሁ የምታገኙትን 1.33 ምቱበት። ውጤቱ 315 ነው። ሳይንቲስቶች ጁፒተር ከምድር 318 ጊዜ ይከብዳል ይላሉ። ርቀቱን ከመጽሐፍ ወስደን፣ ጊዜውን በዓይናችን ቆጥረን፣ አቦምሳ ላይ ቁጭ ብለን ጁፒተርን መዘንነው ማለት ነው። ሱብሓነላህ!

ይህን ጊዜ አንዱ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፦ «ኡስታዝ፣ የስበት ኃይል ከያዛቸው ታዲያ አላህ ምን ያደርጋል?»

አልተቆጣሁትም። እናንተም እንዲህ የሚጠይቅ ጓደኛ ሲኖራችሁ አትቆጡት። ብዙዎች ይህን ጥያቄ በልባቸው ይዘው ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ የሚያዳምጣቸው ሲያጡ ከመስጂድ ይርቃሉ።

እንዲህ አልኩት፦ ገበያ ላይ ሚዛን እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ሰው «እንግዲህ ሠሪ የለውም» ይላል? የስበት ሕግ ከዋክብት እንዴት እንደሚሄዱ ይነግረናል። ሕጉን ማን እንደደነገገው፣ ለምንስ ትናንትም ዛሬም እንደማይዛነፍ ግን ሕጉ ራሱ አይነግረንም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ያሲን 40ኛው አንቀጽ ፀሐይና ጨረቃ ሁሉም በየምህዋራቸው እንደሚዋኙ ይነግረናል። በሱረቱ አር-ረሕማን ደግሞ ሰማይን ከፍ እንዳደረገና ሚዛንን እንዳኖረ ከነገረን በኋላ፣ እኛም በሚዛን እንዳንበድል ያዘናል።

ይህ ትእዛዝ ለጤፍና ለስንዴ ብቻ አይደለም፤ ለወሬም ነው። «ናሳ የጨረቃን መሰንጠቅ አረጋገጠ» የሚል ፎቶ ስንቶቻችን ሼር አድርገናል? ያ ፎቶ አፖሎ 10 እ.ኤ.አ. በ1969 ያነሳው፣ አሪያዴየስ የሚባል የጨረቃ ሸለቆ ነው። ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው እንጂ ጨረቃን አይዞርም። ጨረቃ መሰንጠቋን የምናምነው በቁርኣንና በሶሒሕ ሐዲስ ስለመጣልን ነው። እምነታችን በተሳሳተ ፎቶ መደገፍ አያስፈልገውም። ነገ ፎቶው ሐሰት መሆኑን ያወቀ ወጣት ቁርኣኑንም ቢጠራጠር ተጠያቂው ማነው?

ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ተመልከቱ። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ገና ጡት ያልጣለው ልጃቸው ኢብራሂም ሞተ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች «ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። ዝም ቢሉ ኖሮ ሰው ሁሉ ተዓምር ብሎ ባወራላቸው! እሳቸው ግን በሐዘናቸው መሐል ተነስተው አረሙ፤ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንደሆኑ፣ በማንም ሞትም ሆነ መወለድ እንደማይጋረዱ አስተማሩ። ከዚያም ግርዶሽ ስናይ እንድንሰግድና ዱዓ እንድናደርግ አዘዙ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና የታየችበትን ግርዶሽ ታስታውሳላችሁ? ሰዓቱ ከዓመታት በፊት ተሰልቶ ታውቆ ነበር። ሰዓቱ መታወቁ የግርዶሹን ሶላት ሱንና አላስቀረም። ሒሳቡም ሱጁዱም አብረው ይሄዳሉ።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት ሥራችሁ ይህ ነው፦ ጁፒተር ማታ በሚወጣበት ወቅት ቴሌስኮፕ ባይኖራችሁ ባይኖኩላር ተዋሱ፣ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ አጥር ላይ አስደግፉት፣ ያያችሁትን ለአምስት ምሽት ሳሉ። አደራ፣ በቴሌስኮፕም ሆነ በባይኖኩላር ፀሐይን እንዳታዩ፤ ዓይን ያጠፋል። ስለ ሰማይ የሚላክላችሁን ደግሞ ሳታጣሩ አታስተላልፉ።

አላህ አይተው ከሚያስተነትኑት፣ ሲናገሩም ሚዛን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።