ስለ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አያያዝ

በብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት የሚባለው አንድ የተቈለፈ ቁም ሣጥን ነው። ቁልፉም በአንድ መምህር ኪስ ይውላል። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ «መጽሐፍ ቢጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ» የሚል መልስ ይሰጣል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ማንም ሳያነበው ምስጥ የበላው መጽሐፍም የጠፋ መጽሐፍ ነው። መጽሐፍን በእውነት የሚጠብቀው ቁልፍ ሳይሆን በየዕለቱ ሳይቋረጥ የሚፈጸም የሥራ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ስለ መዝገብ። መጽሐፍ እንደ ገባ ማኅተም ይመታበት፤ ተራ ቍጥሩ፣ የደራሲው ስም፣ አርእስቱና የገባበት ቀን በባሕር መዝገብ ይጻፍ። የአገራችን ደራሲ የሚመዘገበው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደለም፤ ከበደ ሚካኤል በ«ከ» እንጂ በ«መ» አይፈለጉም። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ፣ በዝርዝሩ ላይ በአንድ ሥፍራ እንዲውሉ አስቀድሞ ካልተወሰነ ፈላጊው ይደናገራል።

2ኛ፤ ስለ አደራደር። አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1876 ያሳተመው አከፋፈል ዕውቀትን ከ000 እስከ 999 ባሉት ቍጥሮች በ10 ክፍል ይመድባል፤ ለምሳሌ ሃይማኖት 200፣ ቋንቋ 400፣ የተፈጥሮ ሳይንስ 500፣ ሥነ ጽሑፍ 800፣ ታሪክና ጂኦግራፊ 900 ናቸው። ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት እነዚህ 10 ክፍሎች ይበቃሉ።

3ኛ፤ ስለ ማዋስ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ የወረቀት ኪስ ይለጠፍና ቍጥሩና አርእስቱ የተጻፈበት ካርድ ይግባበት። ተማሪው ሲዋስ ስሙ፣ ክፍሉና የሚመልስበት ቀን በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱም ወጥቶ በሣጥን ውስጥ በመመለሻው ቀን ተራ ይቀመጣል። ተማሪው እንዳይዘነጋ ቀኑ በመጽሐፉ ውስጥ በተለጠፈው ወረቀትም ላይ ይጻፋል። መጽሐፉ ሲመለስ ካርዱ ወደ ኪሱ ይገባል።

በዚህ ዘዴ ኃላፊው ጧት ሣጥኑን ሲከፍት ቀኑ ያለፈበትን ካርድ ከፊት ያገኘዋል። ያንኑ ዕለት ተማሪውን ቢያስታውሰው መጽሐፉ ይመለሳል። ነገሩ እስከ ሰኔ ቢዘገይ ግን ተማሪው ወደ ቤተ ሰቡ ይሄዳል፤ መጽሐፉም አብሮት ይሄዳል። ማስታወሱ በለዘበ ቃል ይሁን፤ ቅጣት የሚፈራ ልጅ መጽሐፉን ይደብቃል እንጂ አይመልስምና።

4ኛ፤ ስለ ዕለትና ስለ ዓመት ሥራ። የሚከፈትበት ሰዓት የተወሰነ ይሁን፤ ተማሪ ሁለት ጊዜ መጥቶ በሩን ዝግ ካገኘው በሦስተኛው አይመጣም። የተመለሱት መጻሕፍት ከመዘጋቱ በፊት በየቦታቸው ይግቡ፤ ለዚህም ተማሪዎች በተራ ቢረዱ ንብረቱን እንደ ራሳቸው ይጠብቁታል። መደርደሪያው ከወለል ከፍ፣ ከግድግዳም ፈቀቅ ይበል፤ የክረምት እርጥበትና ምስጥ የሚገቡት በዚያ ነው። በሰኔ መጻሕፍቱ ሁሉ ተሰብስበው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከሩ። የጐደለውም ሳይሸሸግ ለዲሬክተሩ በጽሑፍ ይገለጽ።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ጥቂት ካርድ፣ አንድ ሣጥንና በየቀኑ አጭር ጊዜ ነው። ዲሬክተሮችም ብዙ ሲነበብ ስላረጀው መጽሐፍ መምህሩን ባይወቅሱት፣ ቁልፉ ከኪስ ይወጣል፤ መጽሐፉም ወደ ተማሪው እጅ ይደርሳል።